ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ ተባልኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት ይይዛሉ?

ቤዛ_ዘሰሚት
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይዞኝ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ደም ሰጠሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ መጣና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ተባልኩ። ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ታዘውልኝ ወጣሁ። እናቴ ስትሰማ ምንም አልገረማትም። «ያው የሁልጊዜው ነው» ብላ ወደ ሥራዋ። እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት ይሄ ነገር ያልያዘው ሰው የለም። አባቴን በየዓመቱ ይይዘዋል።

ጥያቄዬ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? የተለያዩ ከሆኑ ለምን ሁሌ ተያይዘው ይመጣሉ? ደግሞ ጀርም ጀርም ሲባል እሰማለሁ እንጂ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የነገረኝ የለም። ይነክሳል? መርዝ ይረጫል? ደም ይጠጣል? የሚያውቅ ካለ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ያስረዳኝ።

ጆሲ_አራዳው
ቤዙ፣ እንኳን ወደ ማኅበሩ በሰላም መጣሽ! ትኩሳት ይዞት ሄዶ ሁለቱን ሳይባል የወጣ ሰው ካለ አሳዩኝ። እኔ ካርድ ማውጣት ትቻለሁ። ሲያተኩሰኝ «ምች ነው» ብዬ ዳማከሴ አሽቼ፣ ተሸፋፍኜ እተኛለሁ። በሦስተኛው ቀን ደህና ነኝ።

የላብ_ሰው
ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒቱን ቀጥዪ ወይም አቁሚ አልልሽም። ስለ ውጤቱ ግን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ሁለቱ ዝምድናቸው እንኳን ሩቅ ነው። ታይፎይድን የምታመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የምትባል ባክቴሪያ ናት። የምትገባው በአፍ ነው። ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወጥታ በውሃ፣ በምግብ ወይ ባልታጠበ እጅ ትመጣለች። ታይፈስን፣ ተስቦ የምንለውን፣ የሚያመጡት ሪኬትሲያ የሚባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። በወረርሽኝ መልክ የሚመጣው ታይፈስ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። በቁንጫ የሚመጣም አለ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ በአንድ ሳምንት መገናኘታቸው የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ሰፈሩ በሙሉ፣ በየዓመቱ፣ ሁሌ ሁለቱን አንድ ላይ? ቅማል በሌለበት ቤት? እኔ አይዋጥልኝም።

ተያይዘው የሚመጡት በምርመራው ምክንያት ነው። የታይፎይዱ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ነው። የታይፈሱ ዌይል ፌሊክስ ነው፤ እሱም ከ1916 ጀምሮ አለ። ሁለቱም አሮጌ፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ሁለቱም ጀርሟን አያዩም። የሚያዩት ሰውነትሽ ጀርሟን ለመዋጋት የሠራውን፣ አንቲቦዲ የሚባለውን ፕሮቲን ብቻ ነው።

እንዴት እንደምንሠራው ልንገርሽ። ደምሽ ማሽን ውስጥ ይሽከረከርና ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። ሴረም እንለዋለን። ከሱ አንድ አንድ ጠብታ ካርድ ላይ እናደርጋለን። በአንዱ ላይ ከሰማያዊው ጠርሙስ፣ በሌላው ላይ ከቀዩ ጠርሙስ እንጨምራለን። ጠርሙሶቹ ውስጥ ያሉት ቀለም የተነከሩ፣ የሞቱ ባክቴሪያዎች ናቸው። በስንጥር ይቀላቀላል። ካርዱን አንስተን ወዲህና ወዲያ እያዘነበልን አንድ ደቂቃ እናያለን። ፈሳሹ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ኔጌቲቭ፣ ጥቃቅን ፍርፋሪ ከሠራ ፖዘቲቭ። ይኸው ነው። አሁን ወረፋው ረዝሞ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይስ? ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል። የደረቀ ጠርዝ ደግሞ ፍርፋሪ ይመስላል። የቸኮለ ሰው ፖዘቲቭ ብሎ ይጽፍልሻል።

በትክክል ቢሠራም ችግሩ አይቀርም። አንቲቦዲ ጀርሟ ከጠፋች በኋላ ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። አምና ይዞሽ ከነበረ ዘንድሮ ፍርፋሪ ሊታይ ይችላል። ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ይዞሽ ከነበረ፣ ክትባት ወስደሽ ከነበረ፣ ወባም ቢሆን እንደዚያው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ለዚህ ነው መጽሐፉ አንድ ጊዜ ብቻ አትመልከቱ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይታችሁ ድገሙና የአንቲቦዲው መጠን በአራት እጥፍ ጨምሮ እንደሆነ እዩ የሚለው። በ14ኛው ቀን ተመልሶ የሚመጣ ታካሚ አይቻለሁ ብል ግን ውሸቴን ነው።

ዌይል ፌሊክስ ደግሞ ይብሳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሪኬትሲያ ራሱ አይደለም! ፕሮቴየስ የምትባል፣ ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የምታመጣ ባክቴሪያ ናት። የሪኬትሲያ አንቲቦዲ ከአንዳንድ የፕሮቴየስ ዝርያዎች ጋር ይጣበቃል። ምርመራው የቆመው በዚህ አጋጣሚ ላይ ነው። ስለዚህ ታይፈስ የሌለበትን ሰው አለብህ ይላል፤ ያለበትንም የለብህም ሊል ይችላል።

ጆሲ፣ በሦስት ቀን የሚድነው ትኩሳትህ ምናልባት ቫይረስ ነው፤ ያለ ዳማከሴም ይሄዳል። ግን ከቆላ በተመለስክ ሰሞን ካተኮሰህ እባክህ ተሸፋፍነህ አትተኛ። የወባ ምርመራ ቶሎ አድርግ። ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ሦስት ቀን ላይታገስህ ይችላል።

ቤዛ_ዘሰሚት
በስመ አብ! እና አባቴ ይሄን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው አንቲባዮቲክ ሲውጥ የኖረው?

የላብ_ሰው
አንዳንዱን ጊዜ እውነተኛ ታይፎይድ ይሆናል፤ አገራችን ውስጥ የሌለ በሽታ አይደለም። የትኛው ጊዜ እውነት እንደነበር ግን ከዚያ ካርድ ላይ ማወቅ አይቻልም። ጀርሟን ራሷን ማየት የሚቻለው በደም ካልቸር ነው። ደሙ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ባክቴሪያዋ እስክትራባ ይጠበቃል። ቀናት ይፈጃል፣ ብርም ይፈጃል። እሱም ቢሆን ከእውነተኛ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉን ነው የሚያገኘው፤ ደም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸውና። አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ከተወሰደማ ተስፋው ይቀንሳል።

ሲስተር_ቲጂ
የላብ ሰው ምርመራውን ጨርሶታል። እኔ የቤዛን ሁለተኛ ጥያቄ ልውሰድ። ጀርም ገብቶ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ አንድ ነገር። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከኛ ጋር ምንም ጠብ የላቸውም። ሰውነታችን ላይና ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው ከራሳችን ሴሎች ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ቁስል የምታመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ እንኳ ከሦስት ሰው በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ትኖራለች። ቆዳ ሲቀደድ፣ ቦታዋን ስትለቅ ነው ጠላት የምትሆነው። ስለዚህ «ጀርም አለ» እና «ታሟል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሽታ አምጪ የምንላት መግቢያ ያላት፣ መጣበቂያ ያላት፣ ከሰውነት ጥበቃ የምታመልጥበት ዘዴ ያላት ናት። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ኑሮዋ መካከል ነው።

አሁን ታይፎይድን ከአፍ ጀምረን እንከተላት። ብዙዎቹ ጨጓራ ላይ በአሲድ ይሞታሉ። የተረፉት ትንሹ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ የአንጀት ግድግዳ ላይ ከምግቡ ትንሽ ትንሽ እየቀመሱ ለመከላከያው የሚያሳዩ ልዩ ሴሎች አሉ። ባክቴሪያዋ በነሱ በኩል ሾልካ ታልፋለች። ከግድግዳው ጀርባ ማክሮፋጅ የሚባል ነጭ የደም ሴል ይጠብቃታል። ሥራው መዋጥና መፍጨት ነው። ይውጣታል። እሷ ግን አትፈጭም! ከውስጥ ሆና ፕሮቲኖቿን ወደ ሴሉ ትወጋና መፍጫውን ታሰናክላለች። ከዚያ ሊገድላት በዋጣት ሴል ውስጥ ተቀምጣ ትራባለች። በሱው ተጭና ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያና ወደ መቅኔ ትሄዳለች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ሥራ ይሄዳል፣ ሠርግ ይበላል። ምንም አያውቅም። አንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ከዚያ በብዛት ወደ ደም ትወጣለች፤ ትኩሳቱም ይጀምራል። ታይፎይድ አንዴ ፈንድቶ አይመጣም። ዛሬ ከትናንት፣ ነገ ከዛሬ እየጨመረ ይወጣል። እና ቤዛዬ፣ «ትናንት ማታ ሬስቶራንት በልቼ ዛሬ ጠዋት ታይፎይድ ያዘኝ» የሚሉትን አትስሚ። ያ ሌላ ነገር ነው።

ከጉበት ወደ ሐሞት ከረጢት ትገባና ከሐሞቱ ጋር ተመልሳ አንጀት ትደርሳለች። አሁን አንጀቱ ያውቃታል። በመጀመሪያ ያለፈችባቸው ቦታዎች ላይ መከላከያው በኃይል ይነሳል። ቦታው ያብጣል፣ ይቆስላል። ሳይታከም በቆየ ሰው ላይ፣ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ አንጀት የሚበሳው በዚህ ነው። ሆዱ ደርቆ፣ እጅ ሲነካው እየጮኸ የሚመጣ ወጣት አይቻለሁ። ያ በቀጥታ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ነው።

ጆሲ_አራዳው
ሲስተር፣ ስለ ምች ምንም ሳትይ ልታልፊኝ ነው?

ሲስተር_ቲጂ
ምችህንማ አልተውም። ከትኩሳት ጋር ከንፈርህ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይወጣብሃል አይደል? እሱ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ነው የሚገባብን። ገብቶ ፊት ላይ ባለው ነርቭ ሥር ይደበቃል። አይራባም፣ አያሳምምም። ሌላ ትኩሳት፣ ድካም ወይ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝህ ይነሳና በነርቩ ወርዶ ከንፈርህ ላይ ይወጣል። «ፀሐይ መታኝ፣ ምች ነው» የሚሉት እናቶቻችን ፀሐዩን በትክክል አይተዋል።

ጡረተኛው_መምህር
ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ በእድሜዬ ሁለቱንም አይቻለሁ። በልጅነታችን ተስቦ ገባ ከተባለ መንደሩ ይጨነቅ ነበር። ሰው ይቃዣል፣ ራሱን ይስታል፣ ገላው ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። እናቶቻችን ልብስ በበርሜል ይቀቅሉ ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠን የሸሚዙን ስፌት ገልጠን ቅማል እንለቅም ነበር። በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሀል ጠጭ! አሁን የላብ ሰው ሲናገር ገረመኝ። ይቺ ቅማል ስትነክስ ነው በሽታውን የምትሰጠው?

የላብ_ሰው
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር አንስተዋል፤ ሁለቱም ትልቅ ነው።

የተስቦዋ ቅማል በንክሻዋ አይደለም የምታስተላልፈው። ስትነክስ ትጸዳዳለች። ሪኬትሲያው ያለው ዓይነ ምድሯ ውስጥ ነው። ሰውየው ያሳክከዋል፤ ሲያክ በራሱ ጥፍር ቆዳው ውስጥ ያስገባዋል። ቅማሏም አታመልጥም። ሪኬትሲያው የአንጀቷን ሴሎች እያፈነዳ በሁለት ሳምንት ገደማ ይገድላታል። በቅማል እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ቱኒስ ይሠራ የነበረው ሻርል ኒኮል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909። ከሆስፒታሉ በር ውጭ ያሉት ሲያዙ፣ ታጥበው ልብስ ቀይረው የገቡት ታማሚዎች ግን ማንንም እንደማያስይዙ አየ። ስለዚህ ነገሩ ከሰውየው ሳይሆን ከልብሱ ነው አለ። በ1928 ኖቤል ተሸለመበት። የእናቶቻችን በርሜልም የሠራው ይህንኑ ነው፤ የልብስ ቅማል የሚኖረውም እንቁላሉን የሚጥለውም ልብስ ላይ ነውና። ሪኬትሲያ የሚለው ስም የመጣው ሪኬትስ ከሚባል ተመራማሪ ነው። እሱ በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ ታይፈስ ሲያጠና በዚያው በሽታ ሞተ። ሌላው ተመራማሪ ፕሮዋዜክም በ1915 እንደዚያው። የወረርሽኙ ታይፈስ ባክቴሪያ የሁለቱንም ስም ይዛለች፤ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ።

መቃዠቱና ነጠብጣቡስ? ሪኬትሲያ ከሴል ውጭ መራባት አትችልም። የምትመርጠው የደም ሥሮችን ከውስጥ የሚለብሱትን ሴሎች ነው። እነሱ ውስጥ ትራባና ታፈነዳቸዋለች። ጥቃቅን የደም ሥሮች ያፈሳሉ። ቆዳ ላይ ሲሆን ነጠብጣብ፣ አንጎል ላይ ሲሆን መቃዠት።

ሁለተኛው የጥፍሩ ነገር ነው፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ግርሻ። የምታመጣው ቦሬሊያ የምትባል ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ናት፤ የምትኖረውም ቅማሏ ሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው። ቅማሏ በሕይወት እያለች ብዙም መውጫ የላትም። በዋናነት የምትወጣው ቅማሏ ስትጨፈለቅ ነው። «ጠጭ» ባሉበት ጥፍር በኩል፣ በተቧጨረ ቆዳ ወይ ዓይን በማሸት ትገባለች።

ጡረተኛው_መምህር
አቤት! እና በእጃችን ነበር የምናስገባው። ልጄ፣ ግርሻ የሚሄድና የሚመለስበትስ ምክንያት ምንድነው?

የላብ_ሰው
ጋሼ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። ትኩሳት ላይ ያለ የግርሻ ታማሚ ጣቱ ተወግቶ አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ በቀይ የደም ሴሎች መሀል ቀጫጭን ጠመዝማዛ ነገሮች ይታያሉ። ደሙ ሳይደርቅ ካየናቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀዮቹን ሴሎች ገፋ ገፋ ሲያደርጉ ይታያል። እዚህ ላይ ፍርፋሪ ቆጥሮ መገመት የለም፤ ጀርሟን በዓይንህ ታያታለህ።

ሰውነት ለነዚህ አንቲቦዲ ይሠራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠራርጎ ያጠፋቸዋል። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሰውየው «ዳንኩ» ብሎ ይነሳል። ግን ከመሀላቸው ጥቂቶቹ የላይ ልብሳቸውን ፕሮቲን ቀይረዋል። የተሠራው አንቲቦዲ አያውቃቸውም። እነሱ ይራባሉ፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ ማለት ነው። ሰውነት እንደገና ሌላ አንቲቦዲ። ካልታከመ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ይገድላል። ዓለም ላይ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ የቀረው በኛ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አውሮፓ ውስጥ ሲታይ የተገኘው ከአፍሪካ ቀንድ በሰሃራና በሊቢያ አልፈው በደረሱ ስደተኛ ወጣቶች ላይ ነበር። በመንገድ ላይ ተጨናንቀው፣ ልብስ ሳይቀይሩ የከረሙ ልጆች።

ሲስተር_ቲጂ
ግርሻ ከተነሳ እኔም የምለው አለ። ገና ሥራ ስጀምር፣ «መርፌው ሊገድለው ነው» የሚባለውን ያየሁት እዚህ በሽታ ላይ ነው። ታማሚው ይመጣል፣ ምርመራው ይታያል፣ ፔኒሲሊን ይወጋል። አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ያንቀጠቅጠዋል። ትኩሳቱ ከነበረበት ይብሳል። ከዚያ ላብ በላብ ይሆናል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቤተሰብ ይጮኻል፤ «ደህና መጥቶ በመርፌ ገደላችሁት»። ፈሳሽ ሰቅለን፣ ግፊቱን እየለካን አጠገቡ መቆም ነው። አብዛኛው ያልፋል። ጠዋት ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠይቃል።

መርፌው ግን ሥራውን ሠርቷል። ፔኒሲሊኑ ባክቴሪያዎቹን ባንዴ ሲያፈራርሳቸው ቁርጥራጫቸው ደም ውስጥ ይበተናል። መከላከያው ያን ሲያይ ባለ በሌለ ኃይሉ የማንቂያ ኬሚካል ይለቃል። ቲኤንኤፍ የሚባለው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ አዲስ አበባ ላይ በግርሻ ታማሚዎች የተሠራ ጥናት አለ። ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያስር መድኃኒት ሲሰጥ መንቀጥቀጡ የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ቀነሰ። አስቡት። ባክቴሪያዎቹ ያው እየሞቱ ነው፤ የተለወጠው የሰውነቱ ምላሽ ብቻ ነው።

ቤዛ፣ «ይነክሳል? መርዝ ይረጫል?» ላልሽው የኔ መልስ እዚህ ነው ያለው። ታመምኩ የምትይበት አብዛኛው ነገር፣ ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ ጀርሟ የምትሠራው ሳይሆን አንቺ ለሷ የምትመልሽው ነው። ማንቂያው አንጎል ሲደርስ የሙቀት ልኩን ከፍ ያደርገዋል። ከ37 ወደ 39 እንበል። አሁን 37 ላይ ያለው ገላሽ ለአንጎልሽ ቀዝቃዛ ነው። ለዚህ ነው እያተኮሰሽ ብርድ ብርድ የሚልሽ። መንቀጥቀጡ ጡንቻ ሙቀት ሲያመርት ነው። ልኩ ሲወርድ ደግሞ ላብ።

ሳሚ_ኮድ
አንድ ነገር አልገባኝም። ጉዳቱ ከራሳችን ምላሽ ከሆነ መከላከያውን ማጥፋት ነዋ! ለምን አንቲባዮቲክ እንጨነቃለን?

ሲስተር_ቲጂ
ሳሚ ወንድሜ፣ አብዛኛው አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። ኮሌራን ተመልከት፤ አተት ሲባል የምንሰማውን። ባክቴሪያዋ አንጀት ላይ ተለጥፋ ትቀመጣለች፤ ወደ ውስጥ እንኳ አትገባም። የምትሠራው መርዝ ግን የአንጀት ሴሎችን ጨው ወደ ውጭ እንዲተፉ ያደርጋቸዋል። ጨው በሄደበት ውሃ ይከተላል። ከባድ ሲሆን በሰዓት አንድ ሊትር ድረስ ይወጣል። ያን ሰው የሚገድለው ትኩሳት አይደለም፤ ድርቀት ነው። ኦአርኤስ የሚያድነው ባክቴሪያዋን ሳይነካ ነው። ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡበት ሌላ በር መርዙ ስለማይነካው በዚያ በኩል ውሃውን እንመልሳለን። መንጋጋ ቆልፍም እንዲሁ መርዝ ነው።

መከላከያውን ማጥፋት ያልከውን ደግሞ ኤችአይቪ አሳይቶናል። መድኃኒት ሳይመጣ በፊት ስንቱን ቀበርን። ያለ መከላከያ ተራው ፈንገስ እንኳ ይገድላል። ማለዘብ ግን ይቻላል፤ በቦታውና በሰዓቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ላይ መከላከያውን የሚያለዝበው ዴክሳሜታሶን ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ከሞት ሲያተርፍ፣ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ ከፋርማሲ በራስህ ገዝተህ እንዳትሞክረው።

ዲሲ_ሰው
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ እንደመጣሁ አተኮሰኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ምን ምን ታመሃል?» ስትለኝ «ታይፈስና ታይፎይድ፣ በየዓመቱ» አልኳት። ጽሑፏን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ከጦርነት ካምፕ የወጣሁ ሳይመስላት አልቀረም። ሌላ ሐኪም ጠርታ አሳየችኝ! ካልቸር ተወሰደ፣ የወባም ታየ፤ የተገኘው ጉንፋን ነው። አሁን ወደ አገር ቤት ስሄድ የታይፎይድ ክትባት እወጋለሁ። እዚህ ለኢትዮጵያ ተጓዥ ይመክራሉ። ጥያቄዬ፦ ክትባቱን ወስጄ እዚያ ብታመም ያ የካርድ ምርመራ ፖዘቲቭ ይለኛል?

የላብ_ሰው
ዲሲ፣ እንደ ክትባቱ ዓይነት ነው። በመርፌ የሚሰጡት የሚያነጣጥሩት ባክቴሪያዋ በላይ የምትደርበውን ቪ የሚባል ሽፋን ነው። ካርዱ የሚያየው ሌላ ክፍሏን ስለሆነ ብዙም አይነካካም። በአፍ ይዋጥ የነበረው ግን የተዳከመች፣ ሕይወት ያላት ባክቴሪያ ነበረች፤ እሱ ሊያሳስት ይችላል። ያ ሽፋን ደግሞ ዝም ብሎ ሽፋን አይደለም። ከመከላከያው የሚሰውራት እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ዝም የሚለው በከፊል ለዚህ ነው።

ቤዛ_ዘሰሚት
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ። አባቴ ምግብ ቤት አለው። ሁሌ እየተያዘ ሁሌ ይድናል። ለሰው ሊያስተላልፍ ይችላል?

የላብ_ሰው
ለዚህ የሚጠቀሰው ታሪክ የሜሪ ማሎን ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ወጥ ቤት ነበረች። በየቤቱ ስትቀጠር ቤተሰቡ ታይፎይድ ይይዘው ነበር። እሷ ደህና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ ተለየች። ምግብ አላበስልም ብላ ፈርማ በ1910 ተለቀቀች። በ1915 በሌላ ስም አንድ የወሊድ ሆስፒታል ውስጥ ስታበስል ተገኘች። 25 ሰው ታሞ ነበር። እስከሞተችበት እስከ 1938 ድረስ ደሴት ላይ ተለይታ ኖረች። ሴትየዋን ሁሉም ይረግማታል። እኔ ግን ያዝንላታል ልቤ። አንድም ቀን ሳያማት ገዳይ ነሽ ብትባል ማን ያምናል? መተዳደሪያዋም ያው ማብሰል ነው።

ታይፎይድ ከያዛቸው ከመቶ ሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት ከዳኑ በኋላም ባክቴሪያዋን ከዓመት በላይ ይዘው ይኖራሉ። የምትቀመጠው ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነው። የሐሞት ጠጠር ካለ ላዩ ላይ ተለጥፋ፣ የራሷን ዝልግልግ ሽፋን ሠርታ ትኖራለች። አንቲባዮቲክ በቀላሉ አያገኛትም። የአባትሽ ጉዳይ ግን እዚህ መድረክ ላይ አይፈታም። ካርዱን ይተወውና የዓይነ ምድር ካልቸር ወደሚሠራበት ቦታ ይሂድ። ከአንድ ጊዜ በላይ መስጠት ይኖርበታል፤ ባክቴሪያዋ በየቀኑ አትወጣምና። እስከዚያው ወጥ ቤቱ መጸዳጃ አጠገብ ውሃና ሳሙና መኖሩን እዩ።

ጆሲ_አራዳው
እኔኮ ሲፕሮ ቤት አስቀምጫለሁ። የሰው ትርፍ። ሁለት ፍሬ ስውጥ ይሻለኛል፤ ከዚያ አቆማለሁ።

ሲስተር_ቲጂ
ጆሲ! ሁለት ፍሬ የምትገድለው ደካማዋን ነው፤ መድኃኒቱን የለመደችው ተርፋ ትራባለች። ፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተስፋፋችውን ታይፎይድ ሄደህ አንብብ። አሞክሳ የሚባለው ቤተሰብ፣ ባክትሪም፣ ሲፕሮ፣ ሴፍትሪያክሶንም አልበገራትም። ከሚዋጡት የቀረው አዚትሮማይሲን ነው ማለት ይቻላል። አገሪቱ በ2019 ክትባቱን ወደ መደበኛው የሕፃናት ፕሮግራም ያስገባችው በዚህ ተገዳ ነው፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። እና ያቺን የሰው ትርፍ ነገ ይዘህ ፋርማሲ ሂድና እንዲያስወግዱልህ ስጣቸው።

ጆሲ_አራዳው
እሺ ሲስተር። ዳማከሴውንስ?

ሲስተር_ቲጂ
እሱን አሽት። ግን ትኩሳቱ ሦስተኛ ቀኑን ካለፈ ካርድ ታወጣለህ።